«ያልተመረጠውስ?»፦ ከዘነበወርቅ ታክሲ የተነሳ ጥያቄ

«ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! ሁለት ሰው!» ወያላው ሁለት ሰው ይበል እንጂ ገና አምስት ቦታ ባዶ ነው። የለመድነው ስለሆነ ገብተን ተቀመጥን። ከፊቴ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የአንድ ሰባኪ አጭር ቪዲዮ ያያሉ። ኢርፎን ስላልሰኩ ታክሲው በሙሉ ይሰማል። ሰባኪው ዓለም ሳይፈጠር በፊት እግዚአብሔር የመረጣቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ምርጫውም በማንም ሥራ ላይ እንዳልተመሠረተ ያብራራል።

አንደኛው ወጣት «ይሄ ነው ወንጌል ማለት!» አለ። ጓደኛው ግን ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ያልተመረጠውስ? እሱ ምን አጠፋ?» ሲል ጠየቀው።

መልስ የሰጠ የለም። ቪዲዮውም ወደ ቀጣዩ አለፈ፤ የእግር ኳስ ጎል ነበር። በዚህ መሀል ከኋላ ወንበር ነጠላ ያጣፉ እናት «ልጄ» አሉ፤ «እኔንም በልጅነቴ እግዜር የተቆጣት ናት ብለው ከቤት አስወጥተውኛል። እግዜር ማንን እንደመረጠና ማንን እንደጣለ ለመናገር የሚቸኩል ሰው መቼም አይጠፋም።» ጣቶቹ ያጠሩ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ሒሳብ ከፈሉ። ልጁ «ይቅርታ እማማ» አለ። ምን አጥፍቶ ይቅርታ እንደጠየቀ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ ወረደ። የዛሬው ጽሑፌም ስለሱ ነው።

ጥያቄው ቲክቶክ የወለደው አይደለም። ከ1,600 ዓመት በፊት ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430) ፔላጊዮስ ከሚባል መነኩሴ ጋር የተከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነው። ፔላጊዮስ ሰው ከፈለገ በራሱ አቅም መልካሙን መርጦ መኖር ይችላል አለ። አውግስጢኖስ ደግሞ ፈቃዳችን ራሱ ስለታመመ ጸጋ ካልቀደመው አይነሳም አለ። በ418 የካርታጎ ጉባኤ የፔላጊዮስን ትምህርት አወገዘ። ክርክሩ ግን አልሞተም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢራስመስና ሉተር መጽሐፍ ተጻጽፈውበታል። ከዚያም የካልቪንና የአርሚንየስ ተከታዮች ተለያዩ፤ በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ የተካሄደው የዶርት ጉባኤም ለካልቪን ወገን ፈረደ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጡር መሆኑን ታስተምራለች። በመጽሐፈ ሲራክ 15ኛው ምዕራፍ ላይ ያለው የእሳትና የውሃ ምሳሌ ለዚህ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ሰውን አያስገድድም። በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ ቤቱ አንድ አይደለም። ነጻ ፈቃድን አጥብቆ የሚሰብክ አለ። የሉተርን መንገድ የያዘ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዩቲዩብና በቴሌግራም የካልቪንን ትምህርት ያገኘና «አሁን ገና ዓይኔ በራ» የሚል ወጣት አለ።

ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን አልመጣም። ስለ ምርጫ የሚያስተምረው ወደ ሮሜ 8 እና 9፣ ወደ ኤፌሶን 1 ይወስድሃል። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ የዳንኩት እኔ ከጎረቤቴ ስለበለጥኩ ከሆነ ጸጋ ጸጋ መሆኑ ቀረ፤ ትምክህት ሆነ። ከባድ ሐሳብ ነው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ስለ ነጻ ፈቃድ የሚያስተምረው ደግሞ ወደ ዘዳግም 30 እና ወደ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ይወስድሃል። እሱም የሚለው አለው፦ እግዚአብሔር ሰው ሁሉ እንዲድን የሚፈልግ ከሆነ፣ ሰውንም ምረጥ ብሎ ከጠየቀ፣ መምረጥ የማይችልን ፍጡር ምረጥ ብሎ መጠየቅ ቀልድ ይሆናል። ይሄም ከባድ ነው።

እኔ የሚያሳስበኝ ሁለቱም በሥርዓት የሚያስተምሩትን ትምህርት እኛ ሰፈር ስናወርደው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።» ሥራ ያጣው ልጅ ይለዋል። ባሏ የሚመታት ሴት ትለዋለች፤ እናቷም ይደግሙላታል። ከዚያ ላይ «ምርጫ» የሚባል ትምህርት ሲጨመርበት የአርባ ቀን ዕድል ጥቅስ አገኘ ማለት ነው። «ካልተመረጥኩ ምን አደክመኛለሁ? ከተመረጥኩም አይቀርልኝም» የሚል ልጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሄ ልጅ ካልቪንን አላነበበም፤ ጳውሎስንም አላገኘውም። ያገኘው የአያቱን ዕድል በአዲስ ልብስ ነው።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዕድል ፊት የለውም፤ አይወድህም፣ አይጠራህም፣ ቢያጠፋህም አያዝንም። ጳውሎስ ስለ መመረጥ ሲጽፍ ግን የሚያወራው ስለሚወድ አባት ነው። ደግሞም የሚጽፈው ለሚሰደዱና ለሚፈሩ ሰዎች ነው፤ «አልተጣላችሁም» ሊላቸው። ለተጨነቀ ሰው ማጽናኛ የተጻፈውን ወስደን ጎረቤታችንን የምንመዝንበት ሚዛን ካደረግነው፣ ጥፋቱ የትምህርቱ ሳይሆን የእኛ ነው።

ይሄን ለመረዳት ዘነበወርቅን ማየት ይበቃል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐኪሙ ሚስዮናዊ ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ እዚህ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ከፈቱ። ማከሚያው በልዕልቷ ስም ተጠራ። በ1965 አለርት የተባለው ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። ከመላ አገሪቱ የተገፋ ሕመምተኛ ወደዚህ መጣ። ድኖም ወደ አገሩ መመለስ ያልቻለው ብዙ ነው፤ የሚቀበለው ስላጣ እዚሁ ጎጆ ቀልሶ ልጅ ወለደ። የሰፈሩ መሠረት ይሄ ነው፦ ሰው «እግዜር የጣላቸው» ያላቸው ሰዎች የቆረቆሩት ሰፈር ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ግን ባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን በ1873 አገኘው፤ በአለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋም የሚጠራውም በሱ ስም ነው። በዘር አይተላለፍም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢደርሰውም አይታመምም። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው የተጣመረ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ጣት የሚያሳጣው መዘግየት ነው። ሰውነቱ ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው «እርግማን ነው» ብሎ ሲደበቅ፣ ነርቩ ይጎዳል፤ ሳይታወቀው ይቃጠላል፣ ይቆስላል። እንግዲህ «የእግዜር ፍርድ ነው» የሚለው ንግግር ራሱ የስንት ሰው እጅ እንደበላ አስቡት።

የሚገርመው የራሳችን ትውፊት ይሄን ንግግር ይቃወመዋል። መርዓዊ ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር፤ ሙሽርነቱን ትቶ ወጣ፣ ትውፊቱ እንደሚለውም ይሄን ደዌ ራሱ ለምኖ ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ የምታከብረውን ሰው ደዌ እያወቅን፣ ጎረቤታችንን በዚያው ደዌ ከቤት አስወጣነው። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛው ምዕራፍም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ሲያነሱ፣ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ሰውየውን ፈወሰው።

ታዲያ ጸጋና ፈቃድ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? የተሻለ ምሳሌ ያገኘሁት እዚሁ ሰፈር ነው። አለርት ከሚታወቅበት ሥራ አንዱ የእጅ ቀዶ ሕክምና ነው። በሥጋ ደዌ ነርቩ ተጎድቶ የታጠፈ እጅ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢመኝ አይዘረጋም። «ጠንክር! ፈቃድ አለህ!» ብትለው ጭካኔ ነው። ሐኪሙ ግን ደህና ከሆነ ጡንቻ ጅማት ወስዶ ወደ ተጎዳው ጣት ያዛውረዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ሕመምተኛው ለሳምንታት በየቀኑ እጁን ማለማመድ አለበት። እምቢ ካለ፣ የተሠራለት እጅ ተመልሶ ይደርቃል። ካለማመደው ግን ይጨብጣል፣ እንጀራ ይቆርሳል። እንጀራ የቆረሰ ቀን «እጄን ራሴ ሠራሁት» ብሎ የሚፎክር ሰው አላየሁም። «እኔ ምንም አላደረግኩም፣ ዝም ብዬ ነው የተዘረጋልኝ» የሚልም አላየሁም።

ለእኔ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጸጋ ይቀድማል፤ የቀደመውም ፈቃዳችንን ሊተካ ሳይሆን ሊፈውሰው ነው። ምሳሌ ግን ማነከሱ አይቀርም። ታክሲ ውስጥ የነበረው የመጀመሪያው ወጣት «ሆስፒታሉ ድረስ በእግሩ የመጣው ማን አስነስቶት ነው? ጳውሎስ በኤፌሶን 2 የሚናገረው ስለ ሙት እንጂ ስለ ታማሚ አይደለም» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ እዚያ ጋ ምሳሌዬ ያጥራል። ሁለተኛው ደግሞ «ሐኪሙ ሁሉን ማከም እየቻለ አንዱን አስገብቶ አንዱን በር ላይ ቢመልሰውስ?» ይለኛል። ይሄን ጥያቄ እኔም አላለፍኩትም። ነገር ግን የማውቀው ሐኪም በር ላይ ቆሞ የሚመልስ ሳይሆን የጠፋውን ፍለጋ የሚወጣ ነው፤ በሉቃስ 15 ላይ ያለው እረኛ እንደዚያ ነው።

የነጻ ፈቃድ ወገን የሆንን ሰዎችም ብንሆን እጃችን ንጹሕ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቤታቸው የነበሩ እናቶች አሉበት፣ ሕፃናት አሉበት። ያኔ «ማን እዚያ ኑሩ አላቸው? መርጠው ነው» ያለ ሰው ነበር። ይሄም እኮ ስብከት ነው፤ የነጻ ፈቃድ ስብከት ጨካኝ ሲሆን እንዲህ ይናገራል። የቤት ኪራይ ያስገደደውን ሰው «መርጦ ነው» ማለት፣ የታመመን ሰው «እግዜር ጥሎት ነው» ከማለት በምን ይሻላል? ሁለቱም የሚጠቅሙት ተናጋሪውን ነው፤ ዞር ብሎ በሰላም ለመተኛት።

በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች የሞቱበት ወሬ አለ። ጌታ እነዚያ ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም አለ፤ ፊቱንም ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ስለ ራሳቸው ንስሐ ነገራቸው። የድነት ጥያቄ ሁልጊዜ ወደ ጠያቂው ነው የሚመለሰው። «እገሌ ተመርጧል ወይ?» ለሚለው መልስ አልተሰጠንም። «አንተ ስትጠራ ምን አልክ?» የሚለውን ግን ማንም ሊመልስልህ አይችልም።

ስለዚህ ክርክሩን ተዉት አልልም። ጥሩ ክርክር ነው፤ አንብቡበት፣ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በላይም ጊዜ ስጡት። ግን አገራችን በሃይማኖት ክርክር የከፈለችውን አትርሱ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እስከ 1632 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የፈሰሰው ደም የተጀመረው በቃል ነበር። አንዱ ወገን ትሑት ካላደረገህ፣ ሌላውም ከተኛህበት ካላስነሳህ፣ የያዝከው ትምህርት ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ገና አልገባህም።

ታክሲው ዘነበወርቅ ሲደርስ እማማ «ወራጅ አለ» አሉ። ያ «ያልተመረጠውስ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ቀድሞ ወርዶ እጁን ዘረጋላቸው። ያዙትና ወረዱ። ዘንቢላቸውንም እስከ መንገዱ ማዶ ተሸክሞ አሻገራቸው። ይሄን እንዲያደርግ ከዘላለም ተወስኖ ይሁን፣ ወይ እዚያው መርጦ፣ እኔ አላውቅም። እጁን ግን ዘርግቷል።