በቤት ውስጥ ስለሚኖረው የቢራቢሮ ዓሣ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ከሚኖር አንድ ወዳጃችን ቤት አንድ ወር ያህል በእንግድነት ሰንብተን ነበር። ወዳጃችን በልጅነቱ ምጽዋ ያደገ ሰው ነውና የባሕሩ ነገር ከልቡ አልወጣለትም፤ በሳሎኑ ውስጥ ታላቅ የመስተዋት ገንዳ አቁሞ፣ የጨው ውሃ ሞልቶ፣ ከቀይ ባሕር የመጣ አንድ የቢራቢሮ ዓሣ አኑሮበታል። ዓሣው ብርቱካን የሚመስል ቢጫ ሲሆን በጎኑ ላይ እንደ ጥለት የተሰደሩ ጠቋራ ሰማያዊ መስመሮች ነበሩበት። ይሁን እንጂ ወዳጃችን ማለዳ ማለዳ ምግብ ሲበትንለት ዓሣው ምግቡን እያለፈ ድንጋዩን ብቻ ይለቃቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከራሱ በስተኋላ ያለው ጀርባው ጎደጎደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የስምንት ዓመት ልጁም «አባዬ፣ ምግብ ሞልቶለት ሳለ እንዴት በረኃብ ይሞታል?» ብላ ጠየቀችው። አባትየው ወደ እኛ ቢመለከት እኛም የምንመልሰው አጣን። አስተማሪ ነኝ ለሚል ሰው ይህ ቀላል ኀፍረት አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

የቢራቢሮ ዓሣ የሚባለው ወገን 130 ያህል ዓይነት አለው። አብዛኛው የሚኖረው በሞቃት ባሕር፣ በኮራል አጠገብ ነው። ኮራል ማለት እኛ መርጃን የምንለው ሲሆን፣ ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ላዩን የሸፈኑት እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሕያዋን እንስሳት ናቸው። ከቢራቢሮ ዓሦች ብዙዎቹ እንደ ወረንጦ በሾለ አፋቸው እነዚህን እየለቀሙ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚህ በቀር ሌላ ምግብ አይቀምሱም ለማለት ይቻላል። ሊቃውንት ኬቶዶን አውስትሪያከስ የሚሉት የወዳጃችን ዓሣ ከእነዚሁ አንዱ ነበረ። የተበተነለት ምግብ መሆኑን ከቶ አላወቀም፤ ድንጋዩን የሚለቃቅመውም ኮራል ሲፈልግ ኖሯል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ኬቶዶን አውሪጋ የሚባለው፣ ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ቢጫ፣ ከጀርባ ክንፉ እንደ ክር ያለ ነገር የሚመዘዝለት ዓሣ ትሉንም፣ ደቃቁን ሽሪምፕም፣ የባሕሩን ሣርም ይበላል። ይህን ስም ያወጣለት የሊኔ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔር ፎርስኮል ነው፤ እርሱም የዴንማርክ ንጉሥ ከላከው ጓድ ጋር ቀይ ባሕርን ሲመረምር እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞቶ፣ ጽሑፉን ባልንጀራው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ደግሞም ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ አለ፤ መላ አካሉ ቢጫ፣ ዓይኑ በሰማያዊ ጥላ የተከበበ፣ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በቀር የማይገኝ፣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሄድ ነው። ሁለቱም የገንዳ ምግብ ይለምዳሉ።

እንግዲህ ገዢ የሆነ ሰው ነጋዴውን «እስቲ በፊቴ አብላው» ማለት አለበት። ሳይበላ ከታየ፣ ወይም ጀርባው ከጎደጎደ፣ ውበቱ ምንም ቢያምር ትቶት ይሂድ። ገዝቶ ያመጣውንም በሽታ እንዳይኖርበት አራት ሳምንት ያህል በሌላ ትንሽ ገንዳ ለብቻው ያቆየው። ምግብ ለማስለመድ የሚበጀው ዘዴ፣ ሁለት ክዳን ያለውን የባሕር ዛጎል ከፍቶ ከነሥጋው በድንጋዮች መካከል ማስቀመጥ ነው፤ ዓሣው እንደ ልማዱ እየለቀመ ይቀምሰዋል። ከዚያ በኋላ በበረዶ የቆየ ደቃቅ ሽሪምፕ በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጠዋል።

ስለ ገንዳው በአጭሩ እንናገር። ዓሣው ሲያድግ እስከ 23 ሳንቲሜትር ይደርሳልና ከ400 ሊትር ያነሰ ገንዳ ይጠበዋል። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይገባል፤ የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። ውሃው በትነት ሲጎድል ግን የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ሆኖ ጨው ወደ ኋላ ይቀራልና። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ከዓሣው እዳሪ የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደማይጎዳው የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም እስኪራቡ ድረስ አዲስ ገንዳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ መቆየት ይገባዋል። በዚህ የሚቸኩል ሰው ገንዘቡን በውሃ ላይ ይጥላል። በገንዳው ውስጥ ሕያው ኮራል ያለው ሰውም ይህን ዓሣ አያስገባ፤ አውሪጋም ቢሆን ኮራል ከመቅመስ አይመለስም።

የወዳጃችን ገንዳ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ባዶውን ቆየ። ይህን ሁሉ ጽፈን ከላክንለት በኋላ ልጁን ይዞ ወደ ነጋዴው ሄደ። አንድ አውሪጋ አገኙ፤ አብላልን ቢሉት ዓሣው ምግቡን አሽትቶ ተመለሰ፤ እነርሱም ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ገቡ። ልጅቱ በመንገድ ሳለች አልቅሳ ነበር አለን። በሳምንቱ ደግመው ሄዱ። በዚያ ምሽት ስልክ ደውላ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰን፣ «ጋሼ፣ ከዛጎሉ በላ!» አለችን።