መነጽሩ ያቀርባል፣ ጥይቱስ?

የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁን ለዛሬ ወደ ጎን ላድርግና ለየት ያለ ጥያቄ ልመልስ። ጸሐፊው የዲላ ልጅ ነው።

«ዕድሜዬ 26 ነው። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለበዓል ሊመጣ ነው። እዚያ አጋዘን ያድናል። ‹ለአባትህ ጠመንጃ መነጽር ላምጣለትና ቡሌ ወጥተን በ400 ሜትር ድኩላ እንጥላለን› ይለኛል። አባቴ በጊዜያቸው የታወቁ አዳኝ ነበሩ። እምቢ ብል ‹አባቱን አልወጣም› መባሌ ነው። የትኛውን መነጽር ላስመጣ? እስከ ስንት ሜትርስ ይተኮሳል?»

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው መነጽሩን ነውና ከሱ ልጀምር። ላዩ ላይ 3-9×40 የሚል ቁጥር ታያለህ። ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር ይወዳል። ሞኝነት ነው! ባጎላህ ቁጥር የምታየው ቦታ ይጠባል፣ የእጅህ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ሲመሽማ ይብሳል፤ 40ን ለ9 ብታካፍል ወደ ዐይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ 4.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ለ4 ብታካፍል ግን 10 ነው። ለጫካ 4 እጥፍ ይበቃል። ደግሞ ዐይንህን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር አርቅ፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋህ መነጽሩ ቅንድብህን ይፈነክተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መነጽር አውሬውን ለዐይንህ ያቀርበዋል እንጂ ለጥይትህ አያቀርበውም። ነጥብ 308 የሚባለው የአደን ጥይት 100 ሜትር ላይ ተስተካክሎ 200 ሲደርስ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ሲደርስ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን ቢያህል ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ እግር፣ ወደ ኋላ ካለ ሆድ። ሆዱን የተመታ ድኩላ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲማቅቅ ያድርና የጅብ ይሆናል። አባትህ ይህን ጀግንነት ይሉታል? አይመስለኝም። ያለ መነጽር በምንሽር ያድኑ የነበሩት ሰዎች ሙያቸው መጠጋቱ ላይ ነበር።

ርቀትህን የሚወስነው የአጎትህ ልጅ አይደለም፣ እጅህ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው በተፈቀደ የተኩስ ቦታ የሰሃኗን ልክ ወረቀት ይሰቅላል። ከ50 ሜትር አምስት ጊዜ ይተኩሳል፤ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ዳገት ወጥቶ እያለከለከም ጭምር። አምስቱም ከገቡ ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 100 ይሄዳል። አንዷ ከወጣች ያ ርቀት የሱ አይደለም። አራት ከአምስት ለፈተና ጥሩ ውጤት ነው፤ ለድኩላው ግን አምስተኛዋ ሆዱ ላይ ያረፈችው ናት።

ቡሌን ግን ተወው። የጌዴኦን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሰውና ዛፍ አብረው የሚኖሩበት ስለሆነ ነው። ከወናጎ እስከ ይርጋ ጨፌ በዛፉ ሥር ቡና፣ በቡናው መሃል እንሰት፣ በእንሰቱ መሃል ጎጆ ነው። ቡሌ ላይ ቡናው ቢቀንስም እንሰቱና ጎጆው አልቀነሰም። 400 ቀርቶ 40 ሜትር ጥርት ብሎ አይታይህም። ድኩላውን የሳተው ጥይት እንሰት የምትፍቅ እናት ጋ አይደርስም ብሎ ማን ይምልልሃል?

ሕጉም አለ። ያለ ፈቃድ ማደን ያስጠይቃል፤ የጠመንጃው ፈቃድም የአባትህ እንጂ ያንተ አይደለም። የአጎትህ ልጅ መነጽሩን ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት እዚህ ፖሊስ ይጠየቅለት፤ የመሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠብቋል።

እግረ መንገዴን፣ እሱ አጋዘን የሚለው ቀንዱ በየዓመቱ እየወለቀ የሚበቅለውን ነው። የኛው የደጋ አጋዘን፣ ስሙን ለሲጋራ ያዋሰው ኒያላ፣ ቀንዱ አይወልቅም። በዋናነት ባሌና አርሲ ነው ያለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የትም የለም። እሱን ለማደን ፈቃድ የሚያገኙት ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ነው።

ለአጎትህ ልጅ ካሜራ እንዲያመጣ ጻፍለት። አባትህን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ አነጣጥረው ሳይተኩሱ የተመለሱት ስንት ጊዜ ነው? መልሳቸውን ላክልኝ፣ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።