«አይሰማም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

በእኛ ቋንቋ «ልጁ አይሰማም» ሲባል ማንም ስለ ጆሮው አያስብም። እምቢተኛ ነው፣ ባለጌ ነው ማለት ነው። መምህሩ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ይላል፤ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ወላጅም መጥቶ «ቤትም እንዲሁ ነው፣ አይሰማም» ብሎ ያጸድቀዋል። ከዚያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። እስኪ አንዴ ቃሉን እንደ ወረደ እንውሰደው፦ ልጁ አይሰማም። በጆሮው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ማንም ተማሪ «አይሰማም» ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ጆሮው ይመርመር።

«ሞክረነዋል እኮ፣ ከኋላው ስንጠራው ዞሯል» ይሉኛል። ይሄ ምርመራ አይደለም። ጆሮ እንደ አምፖል ወይ በርቶ ወይ ጠፍቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን የማይሰማ ልጅ አለ። ስሙን ስትጠሩት ይዞራል፣ ስታጨበጭቡ ይደነግጣል፤ «ስ»ን ከ«ፍ» ግን አይለይም፣ የእነዚህ ፊደሎች ድምፅ ያለው ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነዋ። «ሠራ» ስትሉት «ፈራ» ብሎ ይጽፋል፣ ክፍሉ ይስቃል። ሌላው ደግሞ ጉንፋን ሲይዘው ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ጆሮው የሚደፈን፣ ሲደርቅ የሚከፈት ነው። ሰኞ ይመልሳል፣ በሳምንቱ ዝም። «ሲፈልግ ይሰማል» የሚባለው እሱ ነው።

ምርመራው መርፌ የለው፣ ምን የለው። ሐኪሙ መጀመሪያ መብራት ባለው መሣሪያ ጆሮውን ያያል፤ አንዳንዴ ነገርዬው የደረቀ ኩክ ሆኖ እዚያው ያልቃል። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ ቱኒንግ ፎርክን ታስታውሳላችሁ? ሐኪሞችም ይጠቀሙባታል፣ ብዙ ጊዜ 512 ኸርዟን። መትተው ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ያሳርፏታል፤ ድምፁ ሲጠፋ ወደ ጆሮው ቀዳዳ ያስጠጓታል። ጤነኛ ጆሮ እንደገና ይሰማታል። በአጥንቱ በኩል ይበልጥ ከተሰማች ግን ችግሩ ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሪነ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ዋናው ኦዲዮሜትሪ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሄድፎን፣ አንድ ቁልፍ። ድምፅ ስትሰማ ትጫናለህ። ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይለካና መስማት የምትጀምርበት ዴሲቤል ግራፍ ላይ ይሰፍራል። ወላጆች ግራፉን አይተው «ስንት ፐርሰንት ነው የሚሰማው?» ይላሉ። ዴሲቤል ፐርሰንት አይደለም፣ ሎጋሪዝም ነው (ሎጋሪዝም ምን ያደርግልናል ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ይኸው)። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ኢንቴንሲቲው 10 እጥፍ ይሆናል። ከ40 ዴሲቤል ላይ መስማት የሚጀምር ልጅ፣ ከ0 ከሚጀምረው ጓደኛው 10,000 እጥፍ ያስፈልገዋል።

«ቢያስመስልስ?» ለዚያም ቲምፓኖሜትሪ አለ። ጫፉ ጎማ የሆነች ነገር ጆሮው ላይ ተደርጋ የአየር ግፊቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ ታምቡሩ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይመዘገባል። በሰከንዶች ያልቃል፣ ልጁ ምንም አይጠየቅም። ታምቡር ማስመሰል አይችልም።

አንድ ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ «ትዕዛዝ አይቀበልም» ተብሎ ተከሰሰ። ስብሰባው ላይ እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው መግል እንደሚፈሰው፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብለው እንደተዉት በመሀል ጣል አደረጉ። ሪፈር ተጽፎለት ሲመረመር ሁለቱም ታምቡሮች ተቀደዋል፤ መስማት የሚጀምረው ከ45 ዴሲቤል በላይ ነው። የሚቀመጠው ደግሞ መጨረሻ ረድፍ፣ 60 ተማሪ በሚንጫጫበት ክፍል። አሁን ፊት ተቀምጦ ይማራል፣ ሕክምናውንም ጀምሯል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ከፋይሉ አልወጣም።

«መጽሐፍ ሳይሟላ ስለ ጆሮ ታወራለህ?» የሚሉኝ አሉ። መጽሐፍ ባልተሟላበት ክፍል እኮ ትምህርቱ ያለው መምህሩ አፍ ላይ ነው፤ ተማሪው ከጆሮው ሌላ ምን አለው? ደግሞ ለሁሉም ሙሉ ምርመራ ይደረግ አላልኩም። ለማጣሪያ 1000፣ 2000 እና 4000 ኸርዝ በ20 ዴሲቤል ማሰማት ይበቃል፤ ለአንድ ልጅ ደቂቃዎች ናቸው። በእጅ የሚያዝ አንድ መሣሪያና አንድ የሠለጠነ ነርስ በየጉድኝት ማዕከሉ መስከረም ላይ ቢዞሩ፣ ያላለፉት ብቻ ሪፈር ይጻፍላቸዋል።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ጤና ላይ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ያላችሁበት ከተማ ኦዲዮሜትሪ የሚሠራ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ካለ ቦታውንና ዋጋውን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ለወላጆች የምሰጠው ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። ከአዲስ አበባ ውጪ ያላችሁ በተለይ።