የተረፉት ጽንሶች የማን ናቸው?

ኤደን ከተማ ልጅ ያጡ የመናውያን ባልና ሚስት ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ሃይማኖታቸው የሚለውን አስቀድመው ያውቁታል። የመጀመሪያዋ የላብራቶሪ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ አገር በተወለደች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ታላቁ የሙስሊሞች የትምህርት ተቋም አል አዝሐር ቁርጡን ተናግሯል፤ የባልየው ዘርና የሚስትየዋ እንቁላል ከሆነ ይሁን፣ ሦስተኛ ሰው ከገባበት አይሆንም።

እዚሁ ኤደን፣ ቢር ፈድል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ግን ያንኑ ጥያቄ ይዛ ስትጨነቅ ከረመች። «ጋሼ፣ በላብራቶሪ መውለድ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለችኝ፣ የአልትራሳውንድ ወረቀቷን ከፌስታል እያወጣች። አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቷ ደውላ ነበር። «ጠበል ተጠመቂ፤ ለቁልቢ ገብርኤልም ተሳይ» ብለዋታል። መኪና በማጠብ የሚተዳደረው ባሏ ተመርምሮ እንደሆነ ብጠይቃት ሣቀች፤ «እሱ ምን ሆኖ!» (ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም እጅ እንዳለበት ለባሎች የሚናገር ካህን ቢገኝ ደስ ባለኝ።)

አባ አልተሳሳቱም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ በስለት የተገኙ ሕፃናት ታቅፈው ይመጣሉ። እሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። ስለትና መርፌ ይጣላሉ ብዬ አላምንም፤ ለወባ ጠበሉንም ክኒኑንም የምንወስድ ሕዝብ ነን።

ሦስተኛ ሰው ስለሚገባበት ስለ ማህፀን ማከራየት ከሆነ ከአጋር ታሪክ ወዲያ አስተማሪ አላውቅም። ሣራ ልጅ ስታጣ ገረዷን ለአብርሃም ሰጠች፤ ያረገዘችው አጋር ተንገላትታ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። መጽሐፉ የዚያን ቤት ገመና አልሸፈነም። ሰው ቤት የምታድር ሴት ይህን ታሪክ ከብዙ ሰባኪ በላይ ታውቀዋለች።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው የዘረመል ለውጥ ደግሞ እንደየዓይነቱ ነው። እንግሊዝ በ2023 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው የሲክል ሴል ሕክምና የታማሚውን የራሱን ደም አምራች ሴሎች ያርማል፤ ወደ ልጆቹ አያልፍም። ቻይናዊው ሄ ጂያንኩዊ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ግን ገና ባልተወለዱ መንትዮችና በልጅ ልጆቻቸው ላይ መወሰን ነበር። ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል፤ እኔ አላዘንኩለትም።

አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም በላብራቶሪ መጸነስ፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም የሚችል ሰው ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አዋጅ ደግሞ አገልግሎቱን በሕግ ለተጋቡ ወስኖታል። መልካም። ግን ከተጋቡትም ቤት የሚቀር ጥያቄ አለ። ሴቲቱ መርፌ ተወግታ ብዙ እንቁላል ይወጣላታል፤ ብዙ ይጸነሳል፤ አንድ ወይም ሁለቱ ማህፀን ይገባል፤ የተረፈው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ካቶሊኮች በ1987 እ.ኤ.አ. ነገሩን ጨርሰው ሲከለክሉ አንዱ ምክንያታቸው የእነዚህ ጽንሶች ዕጣ ነበር። ክልከላው ለእኔ በዝቶብኛል፤ ጥያቄያቸውን ግን መሸሽ አልችልም። ጽንስን ማስወረድ ነፍስ ማጥፋት ነው ብለን ስናስተምር ኖረን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስላለው ዝም ልንል ነው?

መላ አለው። ባልና ሚስቱ «የምንወልደውን ያህል ብቻ ይጸነስልን» ብለው ሐኪሙን ከመርፌው በፊት መጠየቅ ይችላሉ። ዕድሉ ይቀንሳል፤ ካልተሳካ ወጪው እንደገና ነው። ይህን ዋጋ ክፈሉ የሚሉ የንስሐ አባት፣ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ ደብሩ እንዲያዋጣላቸው ይጠይቁ።