ለዕረፍት በተከራዩት ቤት የራስን ምግብ ስለ ማብሰል

ሰው በሥራው ሲደክም ሰንብቶ ጥቂት ቀን ማረፍ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ዕረፍት ማለትም ከቤት ወጥቶ አገርን ማየት፤ ከልጆች ጋራ መሰንበት፤ ሐሳብንም ከመዝገብና ከደብዳቤ ማራቅ ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙዎች ቤተ ሰቦች ወደ ሐዋሳ፤ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ በሆቴል ከማደር ይልቅ ዕቃው የተሟላና ማድ ቤት ያለው ቤት ለጥቂት ቀን ተከራይተው መቀመጥን ይመርጣሉ። ምርጫቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ልጅ የሚበላው ሲርበው ነው እንጂ አሳላፊው ሲመጣ አይደለም። ጨው ወይም ስኳር የተከለከለ ሽማግሌም በገዛ ቤቱ ድስት ካልሆነ በቀር የሚበላውን ለይቶ ማወቅ ያስቸግረዋል። ስድስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በሆቴል ሲመገብ የሚከፍለው ገንዘብም ከቤቱ ኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

ነገር ግን ይህ ነገር አስቀድሞ ካልታሰበበት ዕረፍቱ ወደ ድካም፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ኀዘን ሊለወጥ ስለሚችል፤ ዛሬ ሐዋሳን እንደ ምሳሌ አድርገን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ምክር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ዕረፍቱ የማን ነው የሚለው ነው። ዓመቱን ሙሉ የቤቷን ማድ ቤት ስታስተዳድር የከረመች እመቤት፤ ለዕረፍት ብላ ወጥታ ቢላው በደነዘዘ፤ ምድጃው ባልለመደችው በሌላ ማድ ቤት ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ብትቆም፤ ይህ የሥራ ቦታ መለወጥ ይባላል እንጂ ዕረፍት አይባልም። ባለቤቷ ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ነፋስ ሲቀበል ውሎ «እንዴት ያለ መልካም ዕረፍት ነው» ሲላት፤ እርሷ በአክብሮት ዝም ብትል እንኳ ነገሩ እውነት አይሆንም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ሥራው በቤተ ሰቡ መካከል ይከፈል። ገበያ መሄድና ዓሣ መግዛት የአባወራው፤ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ ለዐቅመ ሥራ የደረሱ ልጆች፤ ዕቃ ማጠብም ተራ በተራ የሁሉ ይሁን። ወንድ ሽንኩርት ቢከትፍ ክብሩ አይጐድልም። በጥንት ዘመን በዘመቻ ላይ በሶውን በገዛ እጁ በጥብጦ የሚጠጣ ጀግና ብዙ ነበርና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ቤቱን ሳይከራዩ ባለቤቱን በሚገባ መጠየቅ ነው። «ማድ ቤት አለው» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የቡታጋዝ? መብራት ሲጠፋ በምን ይበሰላል? ማቀዝቀዣው በደኅና ይሠራልን? ለስድስት ሰው የሚበቃ ድስት፤ መክተፊያና ሰሃን አለን? የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? እነዚህን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። በእንዲህ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ትልቁ ዕቃ ሳይሆን ትንሹ ስለ ሆነ፤ የተሳለ ቢላ፤ ማማሰያ፤ ክብሪት፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ከቤት ይዞ መሄድ ይበጃል።

ስለ ስንቅም ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የምንማረው አለ። በሶ፤ ቆሎ፤ ድርቆሽና ቋንጣ ለመንገድ የተመረጡት ውሃቸው ደርቆ የተዘጋጁ በመሆናቸው በሙቀት ቶሎ ስለማይበላሹ ነው። ዛሬም ቢሆን ሽሮ፤ በርበሬ፤ ጨው፤ የተነጠረ ቅቤ፤ ዘይትና ቡና በትንንሽ ዕቃ ተከፍለው ቢያዙ ገበያ ሳይወጡ የመጀመሪያውን ማታ ለማሳለፍ ይበቃሉ። ጥሬ ሥጋ ግን ከአዲስ አበባ ጭኖ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሙቀት መጓዝ አይገባም። ሽንኩርትና ቲማቲም አትክልት በብዛት በሚመረትባቸው በመቂና በዝዋይ ሲታለፍ ከመንገድ ዳር ሊገዙ ይችላሉ። እንጀራም ሊጥ ተሸክሞ በሰው ቤት ምጣድ ከመፈለግ ይልቅ በሐዋሳ ከጋጋሪዎች ለአንድና ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል። በሙቀት አገር ቶሎ ስለሚሻግት ሳይበርድ በላስቲክ ጠቅልሎ ማኖር አይገባም።

ወደ ሐዋሳ የሄደ ሰው ዓሣ ሳይበላ መመለስ አይወድም። ከሐይቁ ከሚወጡት ዓሣዎች ዋኖቹ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ገበያውም አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ሲሆን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ታላላቅ ወፎች የዓሣውን ትርፍራፊ ለመልቀም በሰው መካከል ሲመላለሱ ማየት ለልጆች ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ዓሣ የሚገዛ ሰው በጧት ይሂድ። ትኵስ ዓሣ ዐይኑ የጠራና ጐላ ያለ፤ ስንጥቡ ቀይ፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ፤ ሽታውም ቀላል ነው። ዐይኑ የደፈረሰና ስንጥቡ የጠቈረ እንደ ሆነ ዋጋው ቢረክስም መተው ነው። ሆድ ዕቃውንና ቅርፊቱን እዚያው አስጠርጎ መሄድ የተከራዩትን ቤት ከሽታ ያድነዋል። ጥሬውን በዳጣ እያጠቀሱ መብላት በስፍራው የተለመደ ቢሆንም፤ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ትል ሊኖር ስለሚችልና የሚገድለውም በሚገባ መብሰል ስለ ሆነ፤ ይልቁንም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ዓሣ አይሰጥ።

በአንድ ድስት ለስድስት ሰው የሚሆን የዓሣ ወጥ አሠራር ከዚህ እንደሚከተለው ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት አድቅቆ ከትፎ በትንሽ እሳት ማቍላላት፤ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ዘይት መጨመር፤ ከዚያም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ ውሃ ጋራ አግብቶ እንዳያር እያማሰሉ ማብሰል ነው። ሦስት ቲማቲምና አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተከትፈው ይግቡ። ቍሌቱ በስሎ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ፤ አጥንቱ ወጥቶ የተቈረጠ አንድ ኪሎ ተኩል ዓሣ ከጨው ጋራ ይጨመርና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመጠነኛ እሳት ይብሰል። ዓሣው ከገባ በኋላ ድስቱን ወዘወዝ ማድረግ እንጂ በማማሰያ ማማሰል አያሻም፤ ይፈረካከሳልና። ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል ማለት ነው። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፤ ቍሌቱ ሳይበስል ዓሣውን የጨመረ ሰው ጥሬ ሽንኩርትና የፈረሰ ዓሣ ያገኛል።

የአገሩ ከፍታም በማድ ቤት ሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ምስርና ሽምብራ ከአዲስ አበባው ፈጥነው እንዲበስሉ ያደርጋል፤ ስለዚህ ድስቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ግን የተረፈውንም ምግብ ፈጥኖ ያበላሻል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ለምግብ ደኅንነት ያወጣቸው አምስቱ ምክሮች ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተጻፉ ያህል ናቸው። እነርሱም ንጽሕናን መጠበቅ፤ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፤ በሚገባ ማብሰል፤ ምግብን በተገቢው ሙቀትና ቅዝቃዜ ማኖር፤ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በደጅ አይቀመጥ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣም ወጥ እስኪንተከተክ ሳይሞቅ አይቅረብ። ጥሬ ዓሣ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

ስለሚጠጣው ውሃ ጥርጣሬ ካለ አፍልቶ አቀዝቅዞ መጠጣት ነው። በሐዋሳ ከፍታ አንድ ደቂቃ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ሦስት ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መፍላት ይኖርበታል። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ የጕድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ማፍላት አያስወግደውም። ስለዚህ ብዙ ቀን የሚሰነብቱ ቤተ ሰቦች ለሕፃናት የሚሆነውን ውሃ ከየት እንደሚመጣ ለይተው ይወቁ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የእሳት ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ቡና ለማፍላት ሲባል ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ቤት ማስገባት በብዙ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፍም የሆነ ከሰል ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፤ በዐይን የማይታይ፤ በአፍንጫም የማይሸተት መርዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ ከደም ጋራ ተዋሕዶ ደሙ ኦክሲጅን እንዳያደርስ ስለሚከለክል፤ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ይሞታሉ። ራስ ሲያምም፤ ሲያዞር፤ ሲያቅለሸልሽና ያለ ምክንያት ድካም ሲመጣ ድንገተኛ በሽታ ነው ብሎ መተኛት አይገባም። ወዲያው ሁሉም ወደ ነፋሻ ስፍራ ወጥተው ሐኪም መጥራት ያሻል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻውን አያድንም፤ የከሰል ምድጃ ቦታው ደጅ ነው። ቤቱ የማይታወቅ፤ መስኮቱም የሚከፈት መሆኑ ያልተፈተነ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ቡታጋዝም ቢሆን ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከተሰማ ክብሪት መጫር፤ የመብራትም ማብሪያ መንካት ክልክል ነው። የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘግቶ፤ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ማታም ከመተኛት በፊት አንድ ሰው ተለይቶ የምድጃውን መዝጊያ ይመርምር።

በመጨረሻም ምግቡን ማሳነስ ዕረፍቱን ማብዛት መሆኑን አንርሳ። ጧት ዳቦና ሻይ ወይም በሶ፤ ቀን አንድ በሚገባ የበሰለ ወጥ፤ ማታ ሽሮ ወይም ፍራፍሬ ቢሆን ማንም አይራብም። የድግስ ምግብ ለድግስ ቀን ይቈይ። ቤቱንም ሲለቁ ምድጃውን ጠርጎ፤ ማቀዝቀዣውን ባዶ አድርጎ፤ የተሰበረ ዕቃ ካለ ሳይደብቁ ለባለቤቱ ነግሮ ከፍሎ መሄድ የጨዋ ቤተ ሰብ ልማድ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣውም ቤተ ሰብ ልጆች አሉትና።

ዕረፍት መልካም የሚባለው የሄዱት ሁሉ በጤና ሲመለሱ፤ ከተመለሱትም መካከል ከሄደችበት ጊዜ ይልቅ ደክማ የገባች እናት ሳትኖር ነው። ይህን አስቀድሞ ያሰበ አባወራ ለቤተ ሰቡ ከማናቸውም ስጦታ የሚበልጥ ስጦታ አዘጋጀ ማለት ነው።