ሳይሞቅ የሚበየድ፣ ሳይቆይ የሚወጣ ብረት፦ ለእርሻ መሣሪያ ጋራዦች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለእርሻ መሣሪያ ጥገና ጋራዥ ባለቤቶች፣ ለብየዳ ባለሙያዎች፣ ለትራክተር ባለቤቶችና ሙያውን ለሚያስተምሩ ኮሌጆች፦

ይህ ደብዳቤ የሚቃወመው በየጋራዡ የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ እርሱም ከካስት ስቲል የተሠሩ ክፍሎችን፣ ማለትም የመጎተቻ መንጠቆን፣ የማንሻ ክንድ ጫፍንና የመሳሰሉትን፣ የብረቱ ዓይነት ሳይለይና ብረቱ ሳይሞቅ እጅ ላይ በተገኘ ኤሌክትሮድ በይዶ፣ ገና ትኩስ ሳለ ውኃ አፍስሶበት በዚያው ሰዓት ማስረከብ ነው። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎችም ሆነ በሑመራና በመተማ የሰሊጥ መሬቶች የእርሻው ወቅት አጭር በመሆኑና ትራክተር በቆመ ቁጥር ገቢ ስለሚቀር ጥድፊያው ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ ብረቱ ግን ለጥድፊያ ሲባል ባሕርዩን አይለውጥም።

የስሕተቱ መነሻ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። በጋራዥ ጊዛ የሚባለው ካስት አይረን ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን የያዘና ሲመታ ሳይለመጥ የሚሰበር ሲሆን፣ ካስት ስቲል ግን እንደ ጊዛው ቀልጦ በሻጋታ የተሠራ ቢሆንም በእርሻ መሣሪያ ላይ በሚገኝበት መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ካርቦን ያለው አረብ ብረት ነው። የሁለቱም ገጽ ሻካራ በመሆኑ ዓይን ይሳሳታል፤ ሆኖም በግራይንደር ሲነኩ ጊዛው አጭርና ቀላ ያለ ፍንጣሪ፣ አረብ ብረቱ ረጅምና ደማቅ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ሲበሱም የጊዛው ብናኝ እንደ ዱቄት ሲረግፍ የአረብ ብረቱ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ፍተሻ ሲዘለል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ መበየድ ያለበት ጊዛና በሌላ ዓይነት ኤሌክትሮድ መበየድ ያለበት ካስት ስቲል በአንድ የ6013 ኤሌክትሮድ ይሸፈናሉ።

ካስት ስቲል በሚገባ ይበየዳል፤ አደጋው ያለው ከብየዳው በፊትና በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ብየዳው ሲያርፍ ከመስመሩ አጠገብ ያለው ብረት ሳይቀልጥ እጅግ ይግላል፤ ዙሪያው ያለው ወፍራምና ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በቅጽበት ሲስበው፣ በተለይም ካርቦኑና ማንጋኒዙ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ያ ቀጠና ማርቴንሳይት ወደሚባለው እጅግ ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ ወደሆነ የብረት ይዘት ይለወጣል። ውኃ ማፍሰስ ይህንኑ ለውጥ ማፋጠን ነው። በዚህ ላይ የኤሌክትሮዱ ልባስ እርጥበት ካለው፣ በክረምት ክፍት በተተወ ፓኬት እንደሚሆነው፣ እርጥበቱ በብየዳው ሙቀት ተከፋፍሎ ሃይድሮጂኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ሲረጋም ወደ ጠንካራው ቀጠና እየሰረገ፣ ብረቱ ሲኮማተር ከሚፈጠረው ውጥረት ጋር ተዳምሮ፣ ከሰዓታት ምናልባትም ከቀናት በኋላ ከመስመሩ ሥር ስንጥቅ ያወጣል። ሲረከቡት ያማረው ብየዳ ማሳ ላይ የሚበጠሰው፣ ጥፋቱም በሾፌሩ ወይም በዕቃው የሚላከከው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የሚበጠሰውም ተራ ክፍል አይደለም። ሃሪ ፈርጉሰን ያስፋፋው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ስለሚያደርገው፣ ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ወይም ተነስቶ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ጉልበቱ በአብዛኛው በማንሻ ክንዶቹ ጫፍ ያልፋል፤ ከተነሳ ማረሻ አጠገብ የሚቆም ረዳት ሕይወቱን ያሳረፈው በዚያ የብየዳ መስመር ላይ ነው።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀለም፣ ቅባትና ዝገት ተፍቆ፣ ጠርዙ ለብየዳ ተከፍቶ፣ ለመካከለኛ ካርቦን ካስት ስቲል ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋዝ ነበልባል በዝግታ ማሞቅ፣ ሙቀቱንም በጠቋሚ ጠመኔ ማረጋገጥ ይገባል፤ የውኃ ጠብታ ሲንጫጫ አይቶ መፍረድ ከ100 ዲግሪ ማለፉን ብቻ ስለሚናገር አይበቃም። ኤሌክትሮዱ ሃይድሮጂን አናሳ የሆነው 7018 ሊሆን ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ብየዳው በስኩዌር ኢንች 70,000 ፓውንድ የመሳብ ኃይል እንዲችል መሠራቱን የሚገልጹ ሲሆን፣ ይኸው ኤሌክትሮድ እርጥበት ካገኘው ከ300 ዲግሪ በላይ በምድጃ ካልደረቀ በስተቀር ጥቅሙ ይቀራል። ከብየዳ በኋላ ክፍሉ በደረቅ አመድ ወይም አሸዋ ተቀብሮ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው በሙቀት ያጠነከረው ክፍል ግን በብየዳ ጥንካሬውን ስለሚያጣ መለወጥ እንጂ መበየድ የለበትም።

ጋራዦች ይህን የማያደርጉት ሁሉም ባለማወቅ ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ክፍያው ለተበየደው መስመር እንጂ ለማሞቂያው ጋዝና ለጥበቃው ሰዓት ስላልሆነ፣ ጠንቃቃው በያጅ ከቸኳዩ ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ የትራክተር ባለቤቶች የጥበቃውን ዋጋ እንዲከፍሉ፣ ጋራዦች የተጠቀሙበትን ኤሌክትሮድና የሙቀት መጠን በደረሰኝ ላይ እንዲጽፉ፣ ኮሌጆችም የብረት መለያ ፍተሻን ከመስመር ማሳመር እኩል እንዲፈትኑ ይጠየቃሉ። ጭነት የሚሸከም የካስት ስቲል ብየዳ ከ48 ሰዓት በኋላ በሰርጎ ገብ ቀለም ለስንጥቅ ካልተመረመረ፣ ሥራው እንዳላለቀ ተቆጥሮ ከጋራዥ ሊወጣ አይገባም።