«አትፈላሰፍ!»

ባለፈው መስከረም ጊፋታን ያሳለፍነው ወላይታ ሶዶ፣ ከባለቤቴ ቤተሰቦች ጋር ነበር። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡለት የከረሙት ሠንጋ ታርዷል፤ ሴቶቹ በበኩላቸው ያጠራቀሙለት ቅቤም ቀልጧል። ጥሬ ሥጋው ከዳጣ ጋር እንደቀረበ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የቤቱ ልጅ ጠየቀ። «ድሮ ካላንደር ሳይኖር የጊፋታን ቀን እንዴት ነበር የሚያውቁት?»

አጎቱ ከሥጋው ቀና እንኳ ሳይል «አትፈላሰፍ፣ ብላ!» አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ።

እናንተም ቤት ይህ ቃል አይጠፋም። ፍልስፍናን የሚያህል ነገር ልጅ የምንቆጣበት ቃል አድርገነዋል። መጽሐፍ የሚወድ ልጅ ሲገኝ «ፕሮፌሰር» እንለዋለን፤ ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ። «የተማረ ይግደለኝ» ይባል በነበረበት አገር አሁን ጎልቶ የሚሰማው «ተምሮ ምን አገኘ?» ነው።

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ፣ በየቦታው ትምህርት ተቋርጦ ነበር። መምህሩ ከሱቅ በዱቤ ሲወስድ ያየ ተማሪ ማንም ሳይነግረው የራሱን መደምደሚያ ይዞ ይሄዳል። በአገር ደረጃም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አሁንም ከአሥሩ አንዱ አይሞላም። እነዚያን ጥቂቶች አልፎ የተመረቀውም ቢሆን ሥራ ፍለጋ ዓመታት ሲንከራተት እናያለን። ስለዚህ «ልጄ ባጃጅ ቢነዳ ይሻለዋል» የሚል ወላጅ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የሚናገረው። ሒሳቡ ውስጥ የጎደለ ነገር መኖሩን ያየሁት ግን እዚያው ሶዶ፣ በማግስቱ ነው።

የቤቱ ትልቁ ልጅ በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለው፤ የሚተዳደረው ባጃጅ እየነዳ ነው። በየግብዣው መሳቂያው እሱ ነው። «ዲግሪህን ባጃጁ ላይ ለጥፈው» ይሉታል። በማግስቱ በዚያው ባጃጅ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ወዳለችው አክስቱ ወሰደን። እንሰቱ መሀል ገብቶ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የተንጠለጠለ አንድ ተክል ሲያይ ቆመ። «አጠውልግ ነው» አለ።

አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ተክሉን አንዴ ከያዘው የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር ነው። ወደ ጤነኛው የሚያሻግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ የራሱ ቢላዋ ነው። ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት እሳት ላይ ብናሳየው መዛመቱን መግታት ይቻላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ አንድ ተክል ሲጠፋ የዓመታት ጥበቃ ነው አብሮ የሚጠፋው።

ይህን ካቻምናም ነግሯት ነበር። «አራት ዓመት የተማርከው ቢላዋ ማሞቅ ነው እንዴ?» ብላ ስቃበታለች። ከዚያ የጎረቤቷ ጓሮ ግማሹ አለቀ። አሁን እንሰት ስትቆርጥ እሳቱን አጠገቧ ታደርጋለች፤ ለጎረቤቶቿም የምታስተምረው እሷ ናት። የወንድሟ ልጅ ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም። «ተምሮ ምን አገኘ?» ስንል የምንቆጥረው እሱ ኪስ የገባውን ብቻ ስለሆነ፣ የአክስቱ ጓሮ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

በእሱ ልፈርድ አይደለም፤ የራሴንም ቤት ልናገር። ለልጄ አስጠኚ ቀጥረናል፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ውጤት በመጣ ቁጥር የምጠይቃት ግን «ስንተኛ ወጣሽ?» ብዬ ነው። ሳሎናችን ያለው ቡፌ ብርጭቆ ይዟል፤ መጻሕፍቱ ካርቶን ውስጥ ሆነው አልጋ ሥር ናቸው። ፊቷ ስለ አስተማሪዋ የምናወራውንም ብጽፈው አያኮራም። ልጆቻችን እንዲመረቁ እንፈልጋለን፤ እንዲያውቁ መፈለጋችንን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ዋዜማ፣ ያን ዕለት ዝም ብለው የነበሩት አያት ልጁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ድሮ ዕውቀቱ ያላቸው ሽማግሌዎች ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል ሌሊቱን እየቆጠሩ ጊዜውን ይለዩ እንደነበር፣ ለንጉሡም ያሳውቁ እንደነበር በወላይትኛ ነገሩት፤ ባለቤቴ ተረጎመልኝ። አጎትየውም ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ደመና ከሆነስ?» አላቸው።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ማሰብ ጀመሩ።